«ምቹ ነው» ባዩ ሁቃ

ነገሌ ቦረና ውሸታም አጥታ አታውቅም። የሌለውን መሬት የሚሸጥ አለ። ሻኪሶ ወርቅ ቆፍሬ ከበርኩ ብሎ የሰው ልጅ አግብቶ፣ ሠርጉን በዱቤ ደግሶ የተሰወረ አለ። ከሞያሌ የኮንትሮባንድ ጫማ በማዳበሪያ እየጫነ «የአስመጪና ላኪ ድርጅት ባለቤት» የሚል ካርድ ያሳተመም አለ። ለነዚህ ቀለም አላባክንም፤ እነሱ ራሳቸውን በደንብ ያስተዋውቃሉ። የሁቃ ውሸት ግን ለሱ ሳንቲም አላስገኘለትም፤ ከራሱ በቀርም ማንንም አልጎዳም። ጨዋነት ያስተማረው ውሸት ነው። ጨዋነት ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚያጃጅል ማየት የፈለገ ደግሞ በከተማችን ከሱ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ሁቃ የተወለደው ዱብሉቅ አካባቢ ነው፤ ሰው ከሰው በላይ ቆሞ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ በዜማ እየተቀባበለ በሚያወጣበት አገር። ነገሌ የመጣው አጎቱ ዘንድ ሆኖ ሊማር ነው። አማርኛውን የተማረው ግን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከጦር ካምፑ አጥር ሥር፣ ከወታደር ልጆች ጋር ኳስ ሲራገጥ ነው። ስለዚህ አማርኛው ራሱ ካምፑን ይመስላል፤ ግማሹ የጎጃም፣ ግማሹ የወሎ፣ ስድቡ በሙሉ የሐረር። ከዚያው አጥር ሥር ሚስትም አገኘ። አባይነሽ የሃምሳ አለቃ ጉግሳ ልጅ ናት። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን፣ ሌላው መለዮውን እየጣለ ወደ ተወለደበት ሲነጉድ፣ ሃምሳ አለቃ ጉግሳ «አሁን እዚያ ማን ያውቀኛል?» ብለው እዚሁ ቀሩ። ልጃቸውም ከነምላሷ ቀረች።

የሁቃ እንጀራ አስተርጓሚነት ነው። የወንጌላውያኑ ክሊኒክ የሚመጣው የገጠር በሽተኛ አማርኛ አያውቅም፤ ነርሶቹ አብዛኞቹ ከሌላ አገር የተመደቡ ስለሆኑ ኦሮምኛ አያውቁም። በሁለቱ መሐል ያለችው የእንጨት ወንበር የሁቃ ነበረች። ይህን ሥራ ቀላል ነው የሚል ሰው አንድ ጥዋት እዚያ ቢቀመጥ ይበቃዋል። በሽተኛው ይገባል። ነርሷ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ትላለች። በሽተኛው «ናጋ» ይላል፤ ሰላም ነው። «ታዲያ ለምን መጡ?» «ናጋ።» «ይስላል?» «ናጋ።» ነርሷ ብዕሯን ትጥላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦረና ከቦረና ሲገናኝ መጀመሪያ ናጋ ይባባላል። ሰዉ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ዝናቡ ናጋ። ከብቱ በድርቅ አልቆ ቆዳው ብቻ ቢቀርም ናጋ ነው። ክፉ ወሬ የሚወጣው ሰላምታው ሲያልቅ፣ ሰው ሲቀመጥ፣ አንድ ነገር ቀምሶ አፉን ሲያርስ ነው። ችግሩን በር ላይ ቆሞ የሚዘረግፍ ሰው ያልተገራ ወይፈን ነው ይባላል። ሁቃ ይህን ስለሚያውቅ በሽተኛውን ያስቀምጠዋል፣ ውሃ ያቀርብለታል፣ ስለ ግጦሹ ይጠይቀዋል፣ የማን ጎሳ እንደሆነ ያጣራል። ነርሷ ሰዓቷን ታያለች። ከዚያ በሽተኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ደም መትፋት ከጀመረ ሁለት ወር እንደሆነው እንደ ዋዛ ጣል ያደርጋል። ሁቃ ይህን ብቻ መርጦ ለነርሷ ይነግራታል። የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ሀይማኖት፣ ከሐዋሳ ስትመጣ በዚህ ወግ ተናድዳ ልታባርረው አስባ ነበር። በዓመቱ ግን ራሷ ለበሽተኛ ውሃ የምትቀዳ ሆነች።

ደም የሚተፋ ሰው አፍ ለአፍ ገጥሞ ማዳመጥ ዋጋ አለው። በሁለት ሺህ ሰባት ሁቃን ሳል ያዘው። ተመረመረ፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ተባለ። ብዙ ወር መርፌ ተወጋ። መርፌው ሳንባውን አዳነለት፤ ጆሮውን ግን ወሰደበት። ሐኪሞቹ ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድመው ነግረውት ነበር አሉ። እሱም «ናጋ» ብሏቸው ነበር።

መጀመሪያ የጠፉት ወፎቹ ናቸው፣ ቀጥሎ ልጆቹ፣ በመጨረሻ አባይነሽ። አባይነሽ እስክትጠፋበት ድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ድምፅዋ ከሁሉ ይበልጥ ይገፋል።

ወንበሩ ላይ ዩኑስ ተቀመጠ። ዩኑስ ክፉ ሰው አይደለም። አምስት ልጅ የሚያሳድግ፣ የሞባይል ካርድ ይሸጥ የነበረ፣ ሁለቱንም ቋንቋ ጥንቅቅ አድርጎ የሚችል ሰው ነው። ችግሩ የተባለውን ይተረጉማል። በሽተኛዋ ናጋ ስትል «ሰላም ነኝ ትላለች» ይላል፤ ነርሷ «ቅሬታ የለም» ብላ ትጽፋለች፤ በሽተኛዋ የራስ ምታት ክኒን ይዛ ትወጣለች። አንዲት ነፍሰ ጡር ከነደም ግፊቷ ናጋ ብላ ገብታ ናጋ ብላ ወጣች፤ በማግሥቱ በቃሬዛ አመጧት። እግዚአብሔር አወጣት እንጂ ዩኑስስ አላወጣትም። ግን ምን አጠፋ? ከቃሉ አንዲት ፊደል አልጨመረም፣ አንዲት አልቀነሰም። እንዲህ ያለ ታማኝነት ከክህደት ይብሳል።

ሲስተር ሀይማኖት ሁቃ ቤት ድረስ መጥታ፣ ከንፈሯን እንዲያነብ ቀስ እያለች ነገረችው።

«ኦቦ ሁቃ፣ ዋናው ቢሯችን ዩኑስን ቋሚ ሊያደርገው ነው። እስከ መስከረም ለምኛለሁ። መስማት ከቻሉ ወንበሩ የአንቱ ነው። ካልቻሉ ግን ከዚያ በኋላ ነገሩ በእጄ አይደለም።»

ሁቃ ምን አለ? ናጋ።

ሲስተር ይህን ያለችው ሁቃ ጆሮውን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከወራት በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ደብዳቤ ጽፋ፣ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ጆሮ ውስጥ የሚተከል መስሚያ ለጥቂት ሰው በነፃ ሊያደርጉ ነው ተብሎ፣ ሁቃ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ከጆሮው ጀርባ ቀድደው፣ በውስጠኛው ጆሮ ባለችው ቀንድ አውጣ በምትመስል ጥምዝ አጥንት ውስጥ ክር የምታክል ሽቦ አስገቡለት። ውጭ ደግሞ ከጆሮ ጀርባ የምትንጠለጠል መሣሪያ አለች፤ ድምፁን ተቀብላ ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጥና በማግኔት በቆዳው በኩል ወደ ውስጥ ታቀብለዋለች። የሞተው ጆሮ ይታለፍና ነርቩ በቀጥታ ይነካል።

የከተማችን ሊቃውንት ወዲያው ትንታኔ ሰጡ። ጭንቅላቱ ውስጥ ሬዲዮ ቀበሩበት ተባለ። ማታ ማታ የካምፑን መገናኛ ይሰማል ተባለ። ወንዶሰን የሚባለው የወረዳው ባለሙያ፣ በሕይወቱ አንድ መጽሐፍ ግማሽ ያነበበ፣ «ይህ የምዕራባውያን ሙከራ ነው» ብሎ ድራፍቱን ጠጣ። ማንም ያላወቀው ነገር፣ ሽቦው ገባ ማለት ሰው ሰማ ማለት አለመሆኑን ነው። ሽቦው ላይ ብዙ ነጥቦች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ኤሌክትሪኩ ከየት ጀምሮ እንደሚሰማና የት ላይ ማቆም እንዳለበት በኮምፒውተር መስተካከል አለበት። ካነሰ ሹክሹክታ ነው። ከበዛ ያማል፤ ቃሉም እንደ ተጠበጠበ ጭቃ ይጨማለቃል።

ይህን የምታስተካክለው ኢየሩሳሌም የምትባል የመስማት ባለሙያ ናት። በኛ ቋንቋ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ እሷም ዶክተር ናት። ፊት የተሣለበት ሠሌዳ አላት፤ አንዱ ፊት ጆሮውን ወደፊት የሚያዘነብል፣ አንዱ ፈገግ ያለ፣ ከሥሩ «ምቹ ነው» የሚል፣ አንዱ ፊቱን ያጨማደደ፣ «ያማል» የሚል። ድምፁን ትለቃለች፤ ታካሚው በጣቱ ያሳያል። ምቹ ከሆነ ትንሽ ትጨምራለች፤ በቃ ሲባል ትመለሳለች። ለሺህ ሰው የሠራ ዘዴ ነው። ለሁቃ ግን አልሠራም።

ሁቃ እንደገባ፣ እንደተቀመጠ፣ ድምፅ ተለቀቀ። ፈገግ ያለውን ፊት አሳየ። ጨመረች። ፈገግ ያለውን ፊት አሳየ። ጨመረች። ቀጠሮ በቀጠሮ ጨመረች። የቀረበለትን ወተት በዛ አነሰ የሚል እንግዳ በአገሩ አልታየም፤ ያውም በነፃ ለቀረበ ወተት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ተዘጋ፤ ሁቃ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚቀጥለው ታካሚ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ነገሌ ተመለሰ። የተመለሰለት ጆሮ ሳይሆን የቆርቆሮ ፋብሪካ ነበር። ማንኪያ ሲወድቅ መብረቅ ነው። የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ በሁለት ወገን ይቀጠቅጡታል። ሰው ሲያናግረው የሰውየው አፍ ይከፈታል፣ የሚወጣው ግን ጩኸት እንጂ ቃል አይደለም። ሁቃ መሣሪያዋን ቤት ውስጥ አውልቆ በስኳር ጣሳ ማኖር ጀመረ። ሰው ሊያየው ሲሆን ብቻ፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን፣ ያደርጋታል። «እንዴት ነው ኦቦ ሁቃ፣ ይሰማል?» ይሉታል። ከንፈር አንብቦ «ናጋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ምእመኑ ሃሌ ሉያ ይላል። ምስክርነት እንዲሰጥም ጋበዙት፤ ሰጠ።

እዚሁ ላይ ነገሩ ተበላሸ። መዘምራኑ ኪቦርዱን ከፍተው አንደኛዋ ሴት ድምፅዋን ወደ ላይ ስታወጣ፣ የሁቃ ቀኝ ዓይን ጠቀሰ። አንድ ጊዜ ቢሆን አቧራ ነው ይባላል። በየእሑዱ ሆነ። ያ የተከበረ፣ ያ ሽበታም፣ ያ ምስክርነት የሰጠ ሰው መዘምራን ይጠቅሳል! ወሬው ከዝማሬው ፈጠነ።

መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላት ቀድሪያ ግን ወሬ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ቀጥታ አባይነሽ ቤት መጣች።

«አባይነሽ እህቴ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ፣ እኔ ነገር አልወድም።»

«ካልወደድሽ ምን ያስጀምርሻል?»

«ባልሽ ጠቀሰኝ።»

«ማን? ሁቃ?»

«ስኳር ልገዛ ብሎ መጣ። ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። ጠቀሰኝ። ዝም አልኩ። ጄኔሬተሩ ጠፋ፣ ደግሜ አስነሳሁ። ደግሞ ጠቀሰኝ!»

አባይነሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ሁለቴ?»

«ወላሂ ሁለቴ።»

«ሠርጋችን ቀን እንኳ አንድ ጊዜ አልጠቀሰኝም፣ ይሄ ከይሲ!»

ሁቃ ከገበያ ገብቶ ሲቀመጥ መሣሪያዋ ገና ጆሮው ላይ ነበረች። አባይነሽ የብረት ትሪ አንስታ ሲሚንቶው ላይ ጣለችው። ቀኝ ዓይኑ ጠቀሰ። አነሳችና ደግማ ጣለችው። ጠቀሰ። ሦስተኛውን ልትጥል ስትል እጁን አየችው፤ ጉልበቱን ጨብጦ ጣቶቹ ነጥተዋል። ትሪውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን እያሳየችው ጠየቀችው።

«ያምሃል?»

«ናጋ።»

«ናጋህን ለቀድሪያ ንገራት! ያምሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ሁቃ መሣሪያዋን አወለቀ። ውሃ ጠየቀ፣ ጠጣ። ልጆቹ የት እንዳሉ ጠየቀ። የቧንቧ ውሃው መጥቶ እንደሆነ ጠየቀ። አባይነሽ ስንት ዓመት አብራው ኖራ ይህን ታውቃለች፤ ጥርሷን ነክሳ ሁሉንም መለሰች። ከዚያ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ጆሮዬ ውስጥ ቆርቆሮ የሚቀድዱ ይመስለኛል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ። ቃል አልለይም። አንዲት ቃል።»

«ለዶክተሯ ለምን አልነገርካትም ታዲያ?» አለች፣ ከንፈሯን እንዲያይ አገጩን ቀና አድርጋ።

«አልጠየቀችኝማ።»

«ሠሌዳ ይዛ ስትጠይቅህ አልነበር?»

«ገና ስገባ ነው የጠየቀችኝ። ገና ሳልቀመጥ። ስጨርስ ደግሞ ሌላ ሰው አስገባች። ደግሞስ ምን ልበላት፣ አባይ? ያን ሁሉ ለፍተው፣ በነፃ ሰጥተውኝ፣ የሰጣችሁኝ ነገር ያማል ልበል?»

«አንተ ሰውዬ! ስንቱን ናጋ ባይ አፉን ስታስከፍት አልኖርክም?»

«የሰው ነው እንጂ» አለ ሁቃ። «ለራስ ማን ያስተረጉማል?»

አባይነሽ እንባዋ መጣ፣ መልሳ ዋጠችው። ነሐሴ ሊጋመስ ነበር፤ መስከረም በር ላይ ነው። በሚቀጥለው ቀን ጎረቤት ልጆቹን ተረክቦ፣ ባልና ሚስት አውቶቡስ ላይ ነበሩ።

አባይነሽ ኢየሩሳሌም ቢሮ ስትገባ ሰላምታ አላበዛችም፤ ካምፕ ያደገ ሰው ሪፖርት ያቀርባል።

«ዶክተር፣ ባሌ ሴት ይጠቅሳል።»

ኢየሩሳሌም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «በየትኛው ዓይን?»

«በቀኙ።»

«የሚጠቅሰው ድምፅ ሲጮህ ነው?»

«እንዴት አወቅሽ?»

ኢየሩሳሌም ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። በጆሮው አጠገብ የፊት ነርቭ እንደሚያልፍ፣ ኤሌክትሪኩ ከመጠን ሲያልፍ ወደዚያ ፈስሶ ዓይኑን እንደሚያስጠቅሰው ነገረቻት። ሁቃ ማንንም አልጠቀሰም፤ የጠቀሰው ሽቦው ነው። አባይነሽ ባሏን ዞር ብላ አየችው። ንጹሕ መሆኑ ትንሽ ያናደዳት መሰለች።

«ለቀድሪያ ይህን በምን ቋንቋ ነው የማስረዳት?» አለች።

«ግን ምቹ ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አለች ኢየሩሳሌም። «በየቀጠሮው፣ ሁሉም ነጥብ ላይ።»

«እሱ ቤቱ ቢቃጠልም ምቹ ነው። ሰላም ነው ሳይል ክፉ አይናገርም፤ ክፉውን ሊናገር ሲል ደግሞ አንቺ በሩን ከፍተሽ ታስወጪዋለሽ።»

ኢየሩሳሌም አልተቆጣችም፤ ይህ ለሷ ትልቅ ነገር ነው፣ ጋውን ለብሰው የማይቆጡ ጥቂት ናቸው። የመጻፊያ ሰሌዳዋን አነሳችና በትልልቁ ጻፈችለት፦ «አቶ ሁቃ፣ ዛሬ እርስዎን ምንም አልጠይቅዎትም።» ሁቃ አንብቦ ግራ ተጋባ። የተሣሉት ፊቶች መሳቢያ ውስጥ ገቡ።

የሚቀጥለውን አባይነሽ እንዳየችው ነው የነገረችን። መጀመሪያ ጆሮው ውስጥ ያለው ሽቦ ራሱ ጠያቂም አድማጭም ሆነ። አንደኛዋ ነጥብ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትልካለች፣ ጎረቤቷ ነርቩ የመለሰውን ታዳምጣለች። ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ሞገድ ትነሳለች። ነርቩ ካልተነካ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ከተነካ ያብጣል። ሁቃ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ማንም አስተያየቱን አልፈለገም። ቀጥሎ ሽቦ ባልገባበት በግራ ጆሮው ለስላሳ ቡሽ ተደረገለት። ሰው ከትንሿ የጆሮ አጥንት ላይ የተለጠፈች ጡንቻ አለችው፤ ድምፅ ሲበዛበት እሷ በራሷ ትኮማተራለች፣ ሳይጠይቋት፣ ሳታስፈቅድ፣ በሁለቱም ጆሮ። ቡሹ ያቺን መኮማተር ይለካል። ኢየሩሳሌም ኤሌክትሪኩን ከዝቅተኛው ጀምራ ቀስ ብላ ከፍ አደረገች። መስመሩ ዝም። ከፍ። ዝም። ከፍ፤ መስመሩ ቁልቁል ዘለቀ። እዚያ ላይ አቁማ ምልክት አደረገች።

በወጣትነታችን ሌሊት በየአጥሩ ይወረወር የነበረው በራሪ ወረቀት ሁሉ ዓለምን ለሁለት ይገምሳት ነበር፤ ነባራዊ ሁኔታና ህሊናዊ ሁኔታ። ነባራዊው ወደድክም ጠላህም ያለው ነው፤ ህሊናዊው አንተ «ነው» የምትለው ነው። ወረቀቱን የጻፉት ሰዎች ራሳቸው በህሊናዊው ሰክረው ነባራዊው ገደል ከተታቸው እንጂ፣ ነገሩስ እውነት ነበረው። የሁቃ ምላስ ሰላምታ ተምሯል፤ ምእመናን ፊት ምስክርነት ሰጥቷል። ያቺ ጡንቻ ግን ወግ አልተማረችም፣ ይሉኝታ የላትም፣ ለውለታም አታጎነብስም። በዛ ስትል በዛ ነው።

«አየሽ?» አለች ኢየሩሳሌም ለአባይነሽ፣ ሁለት መስመር እያሳየቻት። «ጡንቻዋ በቃ ያለችው እዚህ ጋ ነው። እኔ የሞላሁት እዚያ ላይ ድረስ ነው።»

«ይሄን ከመጀመሪያው ለምን አላደረግሽም?»

«ለሕፃናት ነው የምናደርገው፤ መናገር ለማይችል። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምላሳቸውን አመንኩ።»

«ምላሱማ ምስጉን ነው» አለች አባይነሽ።

ነጥቦቹ በሙሉ ዝቅ ተደረጉ። ዓይኑን የምታስጠቅሰው አንዲቷ ጨርሳ ተዘጋች። መሣሪያዋ ተከፈተች። ሁቃ ዙሪያውን አየ፣ ፊቱ ወደቀ።

«ጠፋ» አለ። «ሞተ መሰለኝ።»

ኢየሩሳሌም በሰሌዳው ጻፈች፦ አልጠፋም፣ ጩኸት የለመደ ጆሮ ዝምታ ይመስለዋል፣ ወጥታችሁ ሻይ ጠጡ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁቃ የተቀመጠው ከቀብር እንደመጣ ሰው ነው። ወንበሩን አሰበ፣ ዩኑስን አሰበ፣ ሲስተር ሀይማኖትን ምን እንደሚላት አሰበ። አባይነሽ ሻይዋን ስታማስል ቀና አለ። የማንኪያውን ብርጭቆ መንካት ሰምቷል፤ መብረቅ ሳይሆን ማንኪያ። ከኋላው አንድ አስተናጋጅ «ሁለት ሻይ፣ አንድ ማኪያቶ!» ብሎ ወደ ውስጥ ጮኸ። ሁቃ ዞር ሳይል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፦ ሁለት ሻይ፣ አንድ ማኪያቶ። አባይነሽ ማማሰሏን ተወች።

ሲመለሱ ኢየሩሳሌም ኮምፒውተሩን አልዘጋችም። አስቀመጠችው። ልጆቹን ጠየቀችው፣ ዝናቡን ጠየቀችው፣ ከንፈሯን እንዳያነብ ወረቀት አፏ ላይ ይዛ። ልጆቹ ናጋ፣ ዝናቡ ናጋ። ለወትሮው ቀጣዩን ታካሚ የምትጠራበት ሰዓት ሲደርስ እጆቿን አጣጥፋ ጠበቀች። ሁቃ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ… ቀጭኑ ድምፅ» አለ። «የሴት ልጅ ድምፅ መጨረሻው ላይ፣ ትንሽ… ይነክሳል።»

ኢየሩሳሌም ወንበሯን አሽከርክራ አንዲት ነጥብ ዝቅ አደረገች። «አሁንስ?»

«አሁን ተወው።»

«ተወው ማለት?»

«ማለት ደህና ነው። የእውነት ደህና።»

«መሣሪያው መነሻውን ብቻ ነው የሚነግረኝ» አለችው። «ቀሪውን ካሁን በኋላ እርስዎ ካልነገሩኝ የሚነግረኝ የለም።» ከዚያ አማርኛ ቃላት እየጠራች ፈተነችው፤ አብዛኛውን ደገመ። አባይነሽ «ኦሮምኛውስ?» ስትላት ግን ትከሻዋን ነቀነቀች። በኦሮምኛ የተዘጋጀ መፈተኛ የላትም። ሥራው ደግሞ ግማሹ በኦሮምኛ መስማት ነው። ሰኞ ሲስተር ሀይማኖት ራሷ በሽተኛ ፊት አስቀምጣ ልትፈትነው በስልክ ቀጥራለች። ሁቃ ከአዲስ አበባ እስከ ክብረ መንግሥት መስኮት መስኮት እያየ ሄደ።

ከክብረ መንግሥት አለፍ ብሎ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ተሳፋሪ ሁሉ ውረድ ተባለ። አንድ ከሩቅ አገር የተመደበ ወጣት ወታደር ዕቃ ይፈትሻል፤ በእጁ ረጅም የብረት ሽቦ ይዟል፣ ማዳበሪያውንም ጄሪካኑንም ይወጋበታል። ሁቃ ጀርባውን ሰጥቶ የአውቶቡሱን ጎማ ያያል። ከኋላው አንዲት ባልቴት ጄሪካኗን አቅፋ አልሰጥም አለች።

«ክፈቺው ማዘር! ምንድን ነው ውስጡ?»

ባልቴቷ በኦሮምኛ አወረደችው። ወታደሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ቋንቋ ያልገባው ሰው ሲጮህለት ይገባው ይመስል። ባልቴቷም ከፍ አደረገች።

ሁቃ ሳይዞር፣ ጎማውን እያየ ተናገረ።

«ቅቤ ነው፣ ወንድሜ። ዋደራ ያለችው ልጇ ወልዳለች፤ ለአራሷ የሚሄድ ነው። መውጋቱን አልከለከለችህም፤ ያ ብረት ከዚህ በፊት የሰው ናፍጣ ሲወጋ አይቻለሁ፣ መጀመሪያ እጠበው ነው የምትለው።»

ወታደሩ ብረቱን አየው። ሰዉ ሳቀ። ወታደሩም ሳይወድ ሳቀና ብረቱን በሱሪው ጠረገ። «ሱሪህም ያው ነው ትላለች» አለ ሁቃ፣ አሁንም ሳይዞር። ባልቴቷ የምለውን የሚናገርልኝ ማነው ብላ ዞራ ታየው ጀመር።

«አንተ» አለ ወታደሩ፣ «አስተርጓሚ ነህ?»

አባይነሽ የአውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ነበር። መርፌው ከተጀመረ ወዲህ ይህን የጠየቀው ሰው ሁሉ «ነበርኩ» ተብሎ ነው የተሸኘው።

«ነኝ» አለ ሁቃ።

ማለት አልነበረበትም። ወታደሩ ፊቱ በራ። ኬላው ጥላ ሥር ከጥዋት ጀምሮ ጉዳያቸውን ማስረዳት አቅቷቸው የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ አህያው የተያዘበት፣ አንድ መታወቂያው የወንድሙ የሆነ፣ ሁለት ምን እንዳጠፉ ራሳቸውም ያላወቁ። ሁሉም ተጠሩ። ሁቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ አንደኛውን አስቀመጠው፣ ስለ ግጦሹም ጠየቀው። ሾፌሩ ክላክስ ነፋ። አባይነሽ ዳቦዋን ከፌስታል አውጥታ ቆረሰች። ሁለተኛው ጉዳይ ላይ ሲደርሱ ተመልሶ የተሳፈረ አንድ ወፍራም ነጋዴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ሰማይ ምድሩን እያማረረ ጮኸ፦

«ለዚህ ሰውዬ ማን ነው ጆሮ የሰጠው!»